ዐይናማ አናት ላይ እስክትቆም

«የወርዛን ምድር ሆይ፣ ጆሮሽን አዘንብዪ! ተራራው ዝም ይበል፤ ወንዙ ይቁም፤ የሚያመነዥክ ከብት ማመንዠኩን ለጊዜው ያቋርጥ! የሰባቱ ሸለቆዎች ጌታ፣ የነፋስን ልጓም የጨበጠው፣ ጠላቱን በስሙ ብቻ የሚያስነጥሰው የንጉሥ አግዋዝ የብር ጆሮ ኩክ ማውጫ ጠፍቷል! ያየ ይናገር! ያላየም ለማየት ይዘጋጅ!»

ነጋሪቱ ደጋግሞ ተጎሰመ። በዋና ከተማዋ በሰላቂት አደባባይ የቆሙ አንዲት አሮጊት «ጦርነት መጣ እንዴ?» ብለው ቢጠይቁ፣ አጠገባቸው የነበረው ጎልማሳ «የባሰ ነው እማማ፤ ንጉሡን ጆሯቸውን እያሳከካቸው ነው» አላቸው።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድም ነጋሪት አልተመታም ነበር። ባለፈው ሳምንት ድብናት ከጭልማ ተራራ ወርዶ ሦስት መንደሮችን በላ።

ድብናትን ጢስ ነው እንዳይሉት ጥርስ አለው፤ አውሬ ነው እንዳይሉት እንደ ጉም በበር ስንጥቅ ይገባል። ባለፈበት መንደር ሲነጋ ድስቱ ጉልቻው ላይ እንደተጣደ፣ ሰዎቹም በተቀመጡበት አመድ ሆነው ይገኛሉ፤ ነፋስ እስኪመጣ ድረስ መልካቸው አይፈርስም። የቤተ መንግሥቱ ባለራእዮች «በምሥራቅ የሚመጣ ይመስላል» ብለው ስለነበር የወርዛን ጦር በሙሉ ምሥራቁን በጀግንነት ሲጠብቅ አውሬው በምዕራብ መጣ። ጦሩ እስካሁንም እዚያው ነው። ምሥራቅ በሰላም አለች።

በወርዛን ራእይ ማየት በሕግ የተገዛ ነገር ነው። የጥንት አባቶች «ባለራእይ የሚያየው ዐይናማ የተባለችው ኮከብ አናቱ ላይ ስትቆም ነው» ብለው ደነገጉ። ዐይናማ ግን የፀሐይ ገረድ አይደለችም። ዛሬ ከቆመችበት ሰዓት ነገ ጥቂት ቀድማ ትቆማለች፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። እንዲህ እያለች አንዳንዴ በእኩለ ሌሊት፣ አንዳንዴ ጎህ ሊቀድ ሲል፣ አንዳንዴም ፀሐይ ሸፍናት ማንም ሳያያት በቀን አናት ላይ ትውላለች፤ ዓመት ሲዞር ወደ ቀድሞ ሰዓቷ ትመለሳለች። ለእሷ ሲባል ከእንቅልፉ መቀስቀስ የሰለቸው የአግዋዝ ቅድመ አያት አዋጅ አወጣ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ዐይናማ ከምሳ በኋላ አናት ላይ ትቁም!» ኮከቢቱ አዋጁን አልሰማች ይሆናል፤ ሰምታም ንቃው ይሆናል። ባለራእዮቹ ግን ሰሙ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ምሳ ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ መቀነት ላላ ተደርጎ ራእይ ይታያል። በዓመት አንድ ቀን የአዋጁ ሰዓትና የኮከቢቱ ሰዓት ይገጣጠማሉ፤ በዚያ ቀን ባለራእዮቹ ያዩት ሁሉ ይሆናል። ሕዝቡም «አላልንም? ያያሉ እኮ!» ብሎ በሬ ያርዳል፣ በዓል ያከብራል። በቀረው ዓመት ራእዩ ሲስት ጥፋቱ የሕዝቡ ኃጢአት ነው።

አንድ ነገር ግን በአዋጅ ሊለወጥ አልቻለም፤ የባለራእይ መሐላ። «ያላየሁትን አየሁ፣ ያየሁትን አላየሁም ብል ሁለቱ ዐይኖቼ ይፍሰሱ» ብሎ የማለ ሰው ከዋሸ፣ በማግስቱ ጨለማ ውስጥ ይነቃል። የቤተ መንግሥቱ ባለራእዮች ዐይናቸው ደህና ነው። «አየሁ» የሚለውን ቃል ከተውት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የሚሉት «ይመስላል» ብቻ ነው።

ኩክ ማውጫው በጠፋ ዕለት ምሳው በግ ነበር። ሊቀ ራእይ ገላውዳ፣ አገጩ በሦስት እርከን የሚወርድ ሽማግሌ፣ ዐይኑን ጨፍኖ «በዓሣ ሆድ ውስጥ ያለ ይመስላል» አለ። ሁለተኛው «በጠላታችን ሣጥን ውስጥ ይመስላል» አለ። ሦስተኛው አንኮራፋ፤ ማንኮራፋቱም በክብር ተተረጎመ።

በማግስቱ ማለዳ ንጉሡ ለቁርስ ሲቀመጥ የእጅ ውኃ ያፈስስለት የነበረው ኢያራም የሚባል የራእይ ቤት ደቀ መዝሙር ነው። ሃያ ዓመቱ ነው። ታላቅ ወንድሙ ከጠፉት መንደሮች በአንዱ ውስጥ አመድ ሆኗል። እናቱ ከእነዚያ ቀጥሎ ባለው መንደር፣ በዋርካ ሥር ናት፤ በጨረቃ ጨለማ ብቻ የሚወርደው ድብናት በሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው ያን መንደር ነው። ይህን እያሰበ ውኃ ሲያፈስስ ድንገት እጁ ቆመ። ውኃው የንጉሡን ጉልበት አራሰው።

«ምን ነካህ አንተ?»

«ንጉሥ ሆይ፣ አየሁ። ጀርባዎ ላይ ነው። የአንገትዎ ክር ዞሮ ከካባው ሥር ገብቷል።»

ንጉሥ አግዋዝ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ፤ አካከከ፤ ጎተተ። የብሩ ኩክ ማውጫ እንደ ጥርስ ብልጭ እያለ ወጣ። እልልታ ሊነሳ አፍ ሁሉ ሲከፈት ገላውዳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እውነት ነው» አለ። «አልካድንም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከምሳ በፊት የታየ እውነት ነው። ሕገወጥ እውነት ነው፣ ንጉሥ ሆይ! ዛሬ ለኩክ ማውጫ ያለ ሰዓቱ ካየ ነገ ለዘውድ ያያል።»

የዚህ ጥፋት ቅጣት ዐይንን በጋለ ብረት መዝጋት ነበር። ኢያራም ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ።

«ንጉሥ ሆይ! ዐይኔን ከመዝጋትዎ በፊት አንድ ጊዜ ይጠቀሙበት። የድብናት ልብ በደረቱ ውስጥ እንደሌለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። በጭልማ ተራራ አናት፣ በድንጋይ መንጋ ሜዳ፣ ከአንዱ ድንጋይ ሥር ተቀብሯል። የተሳሳተውን ድንጋይ የመታ እንደሆነ ልቡ ወደ ሌላ ተራራ ይዘላል፤ ወጣቱ ሁሉ እስኪያረጅም አይገኝም። የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ልሂድ! ያላየሁትን አየሁ፣ ያየሁትን አላየሁም ብል ሁለቱ ዐይኖቼ ይፍሰሱ!»

ንጉሡ ጆሮውን እየኮረኮረ አሰበ። ጆሮው ደስ ስላለው ምሕረት አደረገ። ገላውዳም ሕጉ እንዳይጣስ የሚጠብቅ ቆርባ የተባለ ባለራእይ አብሮ እንዲሄድ አዘዘ። ቆርባ ሁለት በቅሎ ጭኖ መጣ። አንዷ የተሸከመችው ምሳውን ነበር።

ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ ከዋርካ ሥር በላይ በቁራ በር ያልፋል። በሩ በሁለት ገደል መሐል ያለ ጠባብ ስንጥቅ ነው፤ ጠባቂው ዘውዳር የሚባል አንካሳ ሽማግሌ ሲሆን፣ እግሩን አውሬው ከነካው ወዲህ በሩን የምትጠብቀው አንዲት ልጁ ማዕዶት ናት። ኢያራምንና ቆርባን ያገኘቻቸው ጦሯን ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ ሽምብራ እየቆረጠመች ነው።

«የቤተ መንግሥት ሰዎች ናችሁ?» አለች። «ጦሩን አመጣችሁ ወይስ ምሳውን ብቻ?»

«ልጄ፣ አነጋገርሽን አስተካክዪ» አለ ቆርባ። «የራእይ ቤት መልእክተኞች ነን።»

«እናንተ ናችሁ እንዴ በምሥራቅ ነው ያላችሁን? እኛ እኮ በምሥራቅ በኩል መሸሽ ፈርተን እዚሁ ተቃጠልን።»

ቆርባ ያልላላውን የበቅሎዋን ጭነት ማጥበቅ ጀመረ። ኢያራም ግን የኩክ ማውጫውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። ስትስቅ ሽምብራው ትን አላት። ሳቋ ሲያልፍ ግን ኮስተር ብላ ሰማዩን አየች።

«ያ ማለዳ ያልከው፣ ያለ ሰዓቱ አላየህም። በሰዓቱ ነው ያየኸው። ዐይናማ ያን ዕለት በቁርስ ሰዓት አናት ላይ ነበረች፤ ፀሐይ ሸፍናት ነው። እኛ የበር ሰዎች ቆጠራዋን አልጣልንም።»

«በምን ታውቁታላችሁ?»

«ና፣ ላሳይህ።»

ሦስት አጣና አቁማ ጫፋቸውን አሰረች፤ ከመሐሉ ጦሯን በገመድ አንጠለጠለችው፣ ስለቱ ወደ ታች። «ከሥሩ በጀርባህ ትተኛለህ። ጦሩ መወዛወዙን ሲተው ዐይንህን ከስለቱ ጫፍ ላይ ታኖራለህ። ዐይናማ ከጫፉ ጋር ስትገጥም፣ ቆመች ማለት ነው። አያቶቻችን ከዚያ በፊት የታየውን አይናገሩትም ነበር። ካንተ በፊት ባለራእይ መጥቶ ነበር፤ አባቴ በወጣትነቱ አጅቦት ወጣ። ባለራእዩ ትዕግሥት አጥቶ ዐይናማ ሳትቆም መታ። የተሳሳተ ድንጋይ ሆነ። ልቡ ዘለለ፤ ተመልሶ ወደዚህ ተራራ እስኪመጣ ይህን ያህል ዘመን ጠበቅን።»

ኢያራም ከጦሩ ሥር ተኛ። ስለቱ በሁለቱ ቅንድቦቹ መሐል ያነጣጥር ነበር።

«ገመዱ ቢበጠስስ?»

«ያኔ ብዙ ታያለህ» አለችው።

እየሳቁ ተነሡ። አብረው የሳቁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የጨረቃ ጨለማ በደረሰ ጊዜ ዐይናማ የምትቆመው ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ሆኖ ነበር። ዘውዳር ልጁን ሊያግዳት አልሞከረም። ግንባሯን ስሞ ጋሻውን ሰጣት፤ «ጦርሽን አትልቀቂ» አላት። ቆርባ ተራራው ሥር ሲደርሱ በቅሎዎቹን የሚጠብቅ ሰው እንደሚያስፈልግ በራእይ ሳይሆን በእግሩ ተረዳ። «ከሰዓቱ በፊት እንዳታይ፣ ልጄ» አለው ኢያራምን። «እኔ እንኳ ቢያልፍልህ ደስ ይለኛል። ሊቀ ራእዩ ግን ይጠይቁኛል።»

ሁለቱ ብቻቸውን ወጡ።

የድንጋይ መንጋ ሜዳ ስሙን ያገኘው በመልኩ ነው። ጉብ ጉብ ያሉ ድንጋዮች ዐይን እስኪደክም ድረስ ተኝተዋል፤ ሁሉም ተንበርክካ የምታርፍ ላም ይመስላሉ። ሣር የለም። ነፋሱ ድምፅ የለውም። ሜዳው ዙሪያውን ገደል ነው፤ መግቢያው በቋጥኝ መሐል ያለ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ነው። ድብናት ሌሊት ወርዶ ያድናል፤ ጎህ ሳይቀድ በዚያ ቋጥኝ ተመልሶ ልቡ ላይ ይተኛል። ከታች በጨለማው ውስጥ የዋርካ ሥር መብራቶች ይታዩ ነበር። ኢያራም እናቱ ያለችበትን ሊለይ ሞከረ፤ አልቻለም።

ማዕዶት አጣናዎቹን አቁማ ጦሯን አንጠለጠለች። ኢያራም በጀርባው ተኛ። ጦሩ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘ፣ ቆመ። ዐይናማ ከስለቱ ጫፍ አንድ ስንዝር ርቃ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የመጣው። እንደ ኩክ ማውጫው ብልጭ ብሎ አይደለም፤ በጢስ ውስጥ እንደሚታይ ፊት ነው። ከደረቀው ምንጭ አጠገብ ያለች ድንጋይ፤ አንደኛው ቀንዷ የተሰነጠቀ፤ ከሥሯ አንድ ጥቁር ነገር ይመታል፣ ያርፋል፣ ይመታል።

«ማዕዶት!»

«ቆመች?»

«አልቆመችም። ስንዝር ይቀራታል። ግን… ከምንጩ አጠገብ፣ ቀንዷ የተሰነጠቀ ድንጋይ።»

ማዕዶት በጉልበቷ ተንበርክካ ፊቱን አየችው። ትንፋሿ ሞቀው።

«አየሁ ነው የምትለው?»

ወንድሙን አሰበ። እናቱን አሰበ። አባቷ ያጀበውን ባለራእይ፣ ሳትቆም የመታውን አሰበ። ዕድሉ አንድ ብቻ ነበር። «አየሁ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ እዚያው ቀረ።

«ይመስለኛል» አለ።

«እንግዲህ እንደ ገላውዳ ሆንክ» አለችው፤ በእርጋታ ነበር፣ ሳትነቅፈው። «ይመስለኛል በሚል ቃል የዋርካ ሥርን ሕዝብ አናስይዝም። ጠብቅ።»

ቃሏን ሳትጨርስ ከቋጥኙ በኩል የሚያቃጥል አመድ ሸተተ። ድብናት ዛሬ ቀድሞ ተመልሷል፤ የሰው ሽታ ልቡ ዘንድ ደርሶት ይሆናል። ማዕዶት ብድግ ብላ ጋሻዋን አነሣች፤ ከወገቧ አጭሯን ጎራዴ መዘዘች።

«ጦርሽን ውሰጂ!»

«ጦሩን ካወረድኩት ሰዓቱን በምን ታውቃለህ?»

«ማዕዶት፣ በጎራዴ አትይዢውም!»

«ስንዝር አይደል የቀራት? ስንዝር እይዘዋለሁ። አንተ ዐይንህን ከሰማይ አታንሣ። በአባቴ እግር እምላለሁ፣ ዐይናማ አናትህ ላይ እስክትቆም ይህ ነገር በዚህ ቋጥኝ አያልፍም!»

ሄደች።

ኢያራም ዐይኑን ከሰማይ አላነሣም። ይህን ማድረግ ከሁሉ ይከብድ ነበር። ከግራው የብረትና የጥርስ ድምፅ ይሰማዋል፤ ጋሻ ሲሰነጠቅ ይሰማዋል፤ ስትሳደብ ይሰማዋል፤ የበር ሰዎች ስድብ ረጅም ነው፣ የአውሬውን ሰባት ትውልድ ጠራችለት። ከዚያ ስድቡ አጠረ። ከዚያ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ኮከቢቱ የምትሄድ አትመስልም ነበር። «ነይ» ይላታል። «ነይ እንጂ፣ ምን አለብሽ!» እንባው ወደ ጆሮው እየፈሰሰ ስለቱ ሁለት ይሆንበታል፤ ጠርጎ ያያል፤ እንደገና ይፈስሳል።

ዐይናማ ከጦሩ ጫፍ ጋር ገጠመች።

ራእዩ እንደ ቀትር ፀሐይ በራ። ጢሱ የለም፤ የድንጋይዋ ሽበት፣ በሥሯ ያለው ጉድጓድ፣ የልቡ ጅማት ሁሉ ተቆጥሮ ይታይ ነበር። ድንጋይዋ ግን ያችው ነበረች። ከምንጩ አጠገብ፣ ቀንዷ የተሰነጠቀ። ኮከቢቱ አጥርታ አሳየችው እንጂ የጨመረችለት ነገር የለም።

ኢያራም ገመዱን በጥርሱ በጥሶ ጦሩን ይዞ ሮጠ። ድንጋይዋን በትከሻው ገለበጣት። ከሥሯ ያለውን እንደ ከሰል የጠቆረ፣ እንደ ጫጩት የሚርገበገብ ነገር በማዕዶት ጦር ወጋው። ተራራው አንድ ጊዜ ቃተተ። ከቋጥኙ በኩል ጉም ተነሥቶ እንደ ማንኛውም ጉም በነፋስ ተበተነ።

ሲደርስ ቋጥኙን ተደግፋ ተቀምጣለች። ከወገቧ በታች አመድ ሆኗል፤ አመዱም ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ዐይኗ ገና ሕያው ነበር።

«ቆመች?» አለችው።

«ቆመች።»

«አላልኩህም?» አለች። ፈገግ አለች። ነፋሱ ሲመጣ ፈገግታው ፊቷ ላይ ነበር፤ ከፊቷ ጋር ሄደ።

ጎህ ሲቀድ ከዋርካ ሥር የማጀት ጢስ ተነሣ፤ የጤነኛ ሰው፣ የቁርስ ጢስ። ኢያራም እያንዳንዱን ጎጆ በዐይኑ ተከተለ፤ የእናቱን ሲያገኝ ጭንቅላቱን ጉልበቱ መሐል ቀበረ።

በሰላቂት ነጋሪቱ እንደገና ተጎሰመ። መጀመሪያ የታወጀው የንጉሡ ኩክ ማውጫ ክር እንዳይዞር ማጠሩ ነው፤ ቀጥሎ የድብናት መሞት። ምሥራቁን ይጠብቅ የነበረው ጦር በድል አድራጊነት ተመለሰ፤ አበባ ተበተነለት።

በአዳራሹ ኢያራም ጦሩን ይዞ ቆመ። ከጎኑ አንካሳው ዘውዳር ነበር። ሽማግሌው ንጉሡን አላየም፤ የሚያየው ጦሩን ነው። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ጥቁር ብቻ ነው» አለ። «የልቡ ነው ይሄ። ሌላ የተዋጋበት ምልክት የለውም። ጦርሽን አትልቀቂ ብያት ነበር። ልጄ ያለ ጦሯ ለምን ገጠመች?»

«ሰዓቱን ለማወቅ ተሰቅሎ ነበር፣ አባቴ። አላወርደውም አለችኝ።»

ዘውዳር አውራ ጣቱን ከስለቱ አነሣ። ከዚያ ጉልበቱ የተመለሰለት ያህል ቀና አለ። «እንግዲያ ለሰዓቱ ነው የሞተችው» አለ። «የአያቶቿን ሕግ ጠብቃ። በከንቱ አይደለም። ይሄን ይዤ መኖር እችላለሁ።»

ገላውዳ ከወንበሩ ተነሣ፤ አገጮቹ ተራ በተራ ተከተሉት። ለምሳ ጥቂት ጊዜ ቀርቶ ነበርና ችኩል ነበረ።

«ንጉሥ ሆይ! ሕግ በዚህ ጉዳይ ይጸናል ወይም ይፈርሳል። ራእይ የሚታየው በኮከቢቱ ሰዓት ከሆነ፣ ሰዓቱን የሚወስነው አዋጅ ነውና የእኛ ቤት ይጸናል። ያለ ሰዓቱ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ይህ ወጣት ወንጀለኛ ነው። ስለዚህ በማለበት ዐይኑ ይመስክር! ኢያራም፣ በዚያች ሌሊት ዐይናማ አናትህ ላይ ከመቆሟ በፊት አንዳች ነገር አይተህ ነበር ወይስ አላየህም?»

ከምሰሶው ሥር ቆርባ አንገቱን ደፋ። ዘውዳር ፊቱን ወደ ኢያራም መለሰ፤ ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም፣ መልሱን የሚያውቅ ሰው ፊት ነበር።

ኢያራም ጦሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አልናገርም» አለ።

«ይህ ችሎት ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ዝም ማለት ከራእይ ቤት ለዘላለም ያስወጣል! ወንበርህን፣ ካባህን፣ ስምህን ታጣለህ!»

ኢያራም ካባውን አውልቆ አጥፎ ወለሉ ላይ አኖረው። ጦሩን ለሽማግሌው ሰጠና ክንዱን አስደገፈው።

«በሩ ጠባቂ የለውም» አለ። «እኔ እጠብቃለሁ።»

ንጉሥ አግዋዝ ኩክ ማውጫውን ከጆሮው አወጣ። በዘመነ መንግሥቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ነገር ከልቡ ለማወቅ የፈለገ መሰለ።

«ልጄ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «አንቀጣህም። አይተህም እንደሆነ፣ ሳታይም እንደሆነ። ለምን እንደማትናገር ብቻ ንገረን።»

ኢያራም በሩ ላይ ደርሶ ነበር። አልዞረም።

«እሱንም አልናገርም።»